የወርቅ ቤቱ ልጅና የሄልሜቱ አንባቢ

እውነቱን ተናግሬ ከመሸበት ልደር፤ የዘንድሮዎቹ የወንድ ለወንድ ፍቅር ልቦለዶች አሳብደውኛል። ሞተሬን ከባቡር ጣቢያው ድልድይ ሥር አቁሜ፣ ሰው የምናመላልስ ባለሞተሮች የምንለብሰውን ብርቱካናማ ሰደርያ እንደለበስኩ፣ ተራዬ እስኪደርስ ስልኬ ላይ አነባለሁ። ጓደኞቼ በጠርሙስ ክዳን ዳማ ይጫወታሉ። እኔ ብቻዬን እስቃለሁ፣ ብቻዬን እንባዬን እጠርጋለሁ። ተሳፋሪ ፊቴ ቆሞ "ወንድም፣ ትሄዳለህ አትሄድም?" ሲለኝም "አንዴ ታገሠኝ፣ ሊስመው ነው!" ብዬ አውቃለሁ።

ያነበብኩትን ደግሞ ዝም ብዬ አልውጠውም። ሄልሜቴን ሳላወልቅ ስልኬን የሞተሩ መሪ ላይ ደግፌ ስለ መጽሐፉ የተሰማኝን እቀዳና እለቀዋለሁ። ገጼ "የሄልሜቱ አንባቢ" ይባላል። አንድ ቀን ለቀልድ ያደረግኩትን ሰው ወደደው፤ ከዚያ ወዲያ በካሜራ ፊት ሄልሜት ማውለቅ ሱሪ እንደማውለቅ ሆነብኝ።

"እሰይ ደራሲዎቻችን!" እላለሁ። "ድሮ ከሁለቱ አንዱ ካልሞተ ወይም ሚስት አግብቶ ካልከዳ መጽሐፉ አያልቅም ነበር። ዛሬ ሕጉም ጋብቻችንን ፈቅዶ፣ ልቦለዱም ሠርግ በሠርግ ሆኗል። ግን ለምንድን ነው ሁሌ የሚዘንበው? ጃንጥላውስ ለምን ሁሌ አንድ ብቻ ይሆናል? አንዱ ትኩሳት ይዞት፣ ሌላው በርጥብ ፎጣ ደረቱን ሳይጠርግለት ያለቀ መጽሐፍ ካያችሁ አምጡልኝ፤ የፈለጋችሁበት በነጻ አደርሳችኋለሁ። ሁሉም የምሕንድስና ተማሪዎች ናቸው፤ ሲያጠኑ ያያቸው ግን የለም!" እንዲህ እየተሳደብኩም ሌላውን እከፍታለሁ። የአንዱ እጅ የሌላውን እጅ ሳያስበው ሲነካ፣ ከሰደርያዬ ዚፕ ሥር አንድ ነገር ዘለል ይላል። እሱን ነገር በምንም አልለውጠውም።

ያው ነገር በየጠዋቱም፣ ሁለት ሰዓት ሲሆን፣ ዘለል ይል ነበር። ደንበኛዬ ዋዩ ከባቡሩ ወርዶ ወደ ድልድዩ የሚመጣው በዚያ ሰዓት ነው። እናቱ ወይዘሮ ራቻኒ ናቸው፤ በቻይናዎች ሰፈር፣ ያዋራት ጎዳና ላይ፣ ስማቸው ሲጠራ ሌላው ወርቅ ነጋዴ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። ቤታቸው ሾፌርም ጥቁር መኪናም አለ። ልጃቸው ግን "መኪና ያጥወለውለኛል" ብሎ የኔ ሞተር ላይ ወጥቶ ወደ ሱቁ ይሄዳል። ጓደኞቼ መጀመሪያ ሰሞን "ያን የሀብታም ልጅ ምን አዙረህበት ነው?" ይሉኝ ነበር። ዓመት ሳይሞላ መጠየቁን ተዉና፣ እሱ ሲመጣ ተራቸውን ይለቁልኝ ጀመር።

ስንሄድ የተሳፋሪውን ሄልሜት አጥልቆ፣ ለአቧራው አፉን ሸፍኖ፣ ከፊቱ የሚታየኝ ዓይኑ ብቻ ነው። እሱንም በጎኔ መስታወት ነው የማየው። ቀይ መብራት ላይ ስንቆም መስታወቱ ውስጥ ይጠብቀኛል።

"ጋሽ ኬም፣ ትናንት ያነበብከው እንዴት ሆነ?"

"ሊስመው ሲል ስልኩ ጮኸ።"

"ማን ደወለ?"

"ማን ይደውላል? እናቱ ናት!"

ሲስቅ ጀርባዬ ላይ ይሰማኛል። በአራት ዓመት ስለምበልጠው "ጋሽ" ይለኛል፤ ለአክብሮት ነው ይላል። መስታወቱ ውስጥ ያለው ዓይን ግን የአክብሮት ዓይን አይደለም። ሥራውን ስጠይቀው "የሱቁን ሒሳብ እይዛለሁ" አለኝ፤ አመንኩት። የሚወዱት ሰው የነገረውን ማን ይመረምራል?

እንዲህ እንዲህ እያልን ፍቅረኞች ሆንን፤ ችግራችን እናቱ ነበሩ። ሶንግክራን ሲመጣ፣ ዘመን ሲለወጥ፣ ልጅ አበባ የተነከረበት ውሃ ይዞ በእናት በአባቱ እጅ ላይ ያፈሳል፤ እነሱም ይመርቁታል። የወደደውን ሰው ይዞ ሄዶ አብረው ካፈሰሱ ነገሩ አለቀ፤ ያ ሰው የቤት ልጅ ነው። ባለፈው ሶንግክራን ዋዩ ብቻውን ገባ። እኔ ከሱቁ ማዶ ሞተሬን ደግፌ ቆሜ በሩን ስመለከት ዋልኩ። ዘንድሮ ግን ሙቀቱ መበርታት ሲጀምር፣ ሩዝ ኑድል እየበላን ሳለን፣ አፈረጥኩት።

"ዋዩ፣ ሁለተኛ እደጅ አልቆምም።"

"ትንሽ ጊዜ ስጠኝ።"

"ምነው፣ ወርቅ ልታነጥርብኝ ነው?"

"እማን አታውቃትም፣ ጋሽ ኬም። ሚዛን ላይ ያልወጣ ነገር አታምንም።"

"እንግዲያው ሚዛኑ ላይ አውጣኝ! ቀልዬ ብገኝ እንኳ በዓይኔ ልየው።"

ዋዩ ከሳህኑ ውስጥ ሥጋውን ለቅሞ ለቅሞ ወደ እኔ ሳህን አሻገረው፤ ቃል ሲያጣ የሚያደርገው ይሄን ነው። ተናድጄም በላሁት። እየተናደድኩም እወደው ነበር።

በዚያው ሰሞን አንድ ልቦለድ ከተማውን አናወጠ። "ሁለት እጅ ሙሉ ውሃ" ይባላል፤ ደራሲዋ "ነጭ ጃስሚን" በሚል የብዕር ስም በየሳምንቱ አንድ ምዕራፍ ትለቃለች። የሩዝ ወፍጮ ባለቤት ልጅ አንድ ጀልባ ቀዛፊ ይወዳል፤ ታሪኩ ይሄው ነው። ከድልድዩ ሥር በረዶ ሻይ የምትሸጠው እትዬ ጂንዳ ስኳሩን ሁለቴ ጨምራ ለሰው እየሰጠች አነበበችው።

"አንተ ልጅ! አነበብከው? ቀዛፊው ታንኳውን ሲያስር እጁ ተንቀጠቀጠ እኮ!"

"አየሁት፣ እትዬ።"

"አየሁት ብቻ? ድንጋይ ነህ እንዴ? እኔ ሁለት ብርጭቆ ሰብሬያለሁ!"

ድንጋይስ አልነበርኩም። እንደሱ ያለ መጽሐፍ አላነበብኩም። ዝናብ የለበትም፣ ትኩሳት የለበትም፤ ሁለት ሰዎች የሚሉትን አጥተው ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፣ በቃ። ቀዛፊው ደጃፍ ላይ ቆሞ የሚጠብቅባትን ምዕራፍ ሳነብ ተሳፋሪ አሳልፌያለሁ። "ይህቺ ሴትዮ እኔን የት አየችኝ?" ብዬ ቁጭ አልኩ።

ከዚያ የመጨረሻው ምዕራፍ መጣ፤ የመጣውም በክፉ ቀን ነው። በዋዜማው ዋዩ አንገቱን ደፍቶ "ነገ አትጠብቀኝ። እማ ከአንድ ባንክ ባለቤት ልጅ ጋር ምሳ ጋብዛኛለች" ብሎኝ ነበር። እነሱ ምሳ በሚበሉበት ሰዓት እኔ ድልድዩ ሥር ሆኜ ምዕራፉን ከፈትኩ። በታሪኩ ውስጥ ሶንግክራን ነው። ቀዛፊው ውሃውን ይዞ ይገባል። ሀብታሟ እናት አንዴ ታየዋለች፣ እንባዋ ይወርዳል፣ ሁለት እጇን ትዘረጋለታለች፣ ትመርቀዋለች። ተፈጸመ።

ደሜ ፈላ። ሄልሜቴን አጥልቄ ስልኬን መሪው ላይ ሰካሁ።

"እህታለም ጃስሚን፣ እስከ መጨረሻው ምዕራፍ ድረስ እጅሽን ልሳም። ግን ያቺን እናት ከየት አመጣሻት? ሀብታም እናት፣ ለቀዛፊ፣ በአንድ ገጽ፣ ሁለት እጇን? የት አገር? በዚህ ከተማ በር ላይ ቆመን የቀረነው ስንት ነን! ልንገርሽ? ይሄን የጻፈ ሰው ፈሪ ነው። በቤቱ የማይደፍረውን ወረቀት ላይ የሚደፍር ፈሪ!"

ሻዬን ጠጥቼ ሳልጨርስ ቪዲዮው ከተማውን አዳረሰው። ገሚሱ "ልክ ብለሃል" አለኝ፣ ገሚሱ ሰደበኝ፤ እትዬ ጂንዳ ሻይ ከለከለችኝ። እኔ ግን ልቤ ቀለል ብሎኝ ነበር።

በማግስቱ ዋዩ አልመጣም። በሳልስቱም አልመጣም። ስደውል አያነሳም። በመጨረሻ አንዲት መልእክት ላከ፦ "ጥቂት ቀን ተወኝ።" ሌላ ምንም የላትም። ጓደኞቼ ዳማቸውን አቁመው አንዴ እኔን፣ አንዴ የባቡሩን ደረጃ ያያሉ። የባንኩ ባለቤት ልጅ በጥቁር መኪና አጠገቡ ተቀምጣ ትታየኝ ጀመር። ከዚያ በኋላ ያነበብኩት ልቦለድ ሁሉ እንጨት እንጨት አለኝ፤ እጅ ለእጅ ቢነካኩ ምንም አልሰማኝ አለ።

እትዬ ጂንዳ ሁኔታዬን አይታ ኩርፊያዋን ተወችና በሳምንቱ መጨረሻ እጄን ይዛ ጎተተችኝ። የመጻሕፍት ዐውደ ርዕይ ነበር፤ ነጭ ጃስሚን ታትሞ የወጣውን መጽሐፏን ትፈርማለች።

"እኔ የሰደብኳት ሴትዮ ፊት ልቁም?"

"ቆመህ ይቅርታ ትጠይቃለህ! ሐዘንህን ሰው ላይ ደፍተህ ዝም ልትል ነው? ያሳደገህ የለም?"

አዳራሹ የንብ ቀፎ ሆኖ ነበር። ተማሪው፣ የቢሮ ሠራተኛው፣ ባሏን ያስከተለች እመቤት ሳይቀር መጽሐፍ አቅፎ ተሰልፏል። ነጭ ጃስሚን ሰፊ ባርኔጣና ማስክ አድርጋ፣ በረጅም እጅጌ ተሸፍና፣ አቀርቅራ ትፈርማለች። በብዕር ስም የሚጽፉ ደራሲዎቻችን ልማዳቸው ነው፤ እነሱ ፊታቸውን አይገልጡም፣ ቃል አይተነፍሱም፤ እኛም አንባቢዎቹ ቀና ብለን አናፈጥም። ነውር ነው። አጠገባቸው ከአሳታሚው የመጣች ልጅ ቆማ ትናገርላቸዋለች።

የእኔ ጥፋት ሄልሜቴን ሞተሬ ላይ አለመተዌ ነበር። ብብቴ ሥር ይዤው ስጠጋ፣ ከኋላዬ የነበረች ልጅ የተለጠፈበትን፣ በየቪዲዮዬ የሚታየውን ቢጫ የዳክዬ ሥዕል አየች።

"ዳክዬው! ሄልሜቱ! ኧረ የሄልሜቱ አንባቢ ነው!"

ሰልፉ ተናወጠ። "ይሄ ነው ፈሪ ያላት?" "ቁመቱ በቪዲዮ ረዘም ይል ነበር!" "እስቲ ፊቷ ላይ ድገመው!" ስልኮች ወደ ላይ ወጡ። እትዬ ጂንዳ በክርኗ ጎኔን ወግታ ጠረጴዛው ፊት ገፋችኝ።

"ለማን ተብሎ ይፈረም?" አለችኝ ከአሳታሚው የመጣችው ልጅ።

"ኬም" አልኩ። "ለኬም ብላ ትፈርም። ደግሞም... እህቴ፣ ይቅር በይኝ። የሚያምር መጽሐፍ ነው። መጨረሻውን የጠላሁት እናትየዋ ውሸት ስለሆነች አይደለም። እንደሷ ያለች ለእኔ ስለሌለችኝ ነው።"

ብዕሩ ወረቀቱ ላይ ቆመ። አልፈረመችም። ነውሩን ረስቼ ቀና ብዬ አየሁ፤ በማስኩና በባርኔጣው መካከል ዓይን ብቻ ነበር። ከዓመት በላይ በሞተሬ መስታወት ያየሁት ዓይን! ያን ዓይን ከሺህ ዓይን መካከል አውጣ ብባል አወጣዋለሁ።

"ዋዩ?" አልኩ።

ብድግ አለ። ልማዱን አፍርሶ በገዛ ድምፁ ተናገረ።

"ፈሪ ያልከኝ ልክ ነህ፣ ጋሽ ኬም።"

"ወንድ ነው!" የሚል ጩኸት አዳራሹን ሞላው። ከአሳታሚው የመጣችው ልጅ አፏን ያዘች። ዋዩ ባርኔጣውን አወለቀ፤ እጁን ወደ ማስኩ ሲሰድድ ያዝኩት።

"አብደሃል? ስልክ በስልክ ነው! እናትህ ያዩሃል!"

"ታየኝ! ያንን ምዕራፍ ስንት ጊዜ እንደጻፍኩት ታውቃለህ? በሌሎቹ ሁሉ እማ በሩን ትዘጋብናለች። በሌሎቹ ሁሉ አንተ ሞተርህን አስነስተህ ትሄዳለህ። እጇን የምትዘረጋበትን ያስቀረሁት አንተ እንደምታነበው ስለማውቅ ነው። ፊቷ ቆሜ የምናገረው ቃል እስካገኝ ወረቀት ላይ እየተለማመድኩ ነበር። አንተ ደግሞ ተሳለቅክብኝ!"

"አንተ መሆንህን የት አውቄ!"

"ስላላወቅክ ነው እውነቱን የነገርከኝ።"

"የባንኩ ባለቤት ልጅስ?" አልኩ፤ ቅናት ቦታ አይመርጥም።

"እሷ? ምሳውን በሙሉ ስለ አንድ ሄልሜት ለባሽ ስታወራልኝ ነው የዋለችው። ተከታይህ ናት!"

ሰልፉ በሳቅ ፈነዳ። ዋዩ አልሳቀም። ማስኩን አወለቀው፤ ያ ሁሉ ሕዝብ እያየው፣ ያ ሁሉ ስልክ እየቀዳው፣ ላቡ ግንባሩ ላይ እያበራ፣ እኔን ብቻ አየኝ።

"ሶንግክራን በሚመጣው ሳምንት ነው" አለኝ። "አብረኸኝ ትገባለህ?"

ዓመት ሙሉ በልቤ ያዘጋጀሁት ንግግር ነበር፤ ሁሉንም ተውኩት። እሺ ብዬ ራሴን ብቻ ነቀነቅኩ። እትዬ ጂንዳ የማታውቀውን ሰው አቅፋ ታለቅስ ነበር። እኔ መሬቱን መርገጤን እንጃ።

በሶንግክራን ቀን አንድ ደህና ሸሚዝ ተኩሼ ለበስኩ። ምን ዋጋ አለው! በዚያ ቀን መንገዱ የውሃ ጦርነት ነው፤ ያዋራት ስደርስ ከራሴ እስከ እግሬ ርሼ፣ ጉንጬ ላይ እንደ በዓሉ ወግ ነጭ ዱቄት ተለቅልቆ፣ አሸናፊም ተሸናፊም እመስል ነበር። ዋዩ በሩ ላይ ሲያየኝ ሳቁ ሊያመልጠው ነበር፤ ከውስጥ ሳል ሲሰማ ሁለታችንም ደረቅን።

ወይዘሮ ራቻኒ በተዘጋው ሱቅ ውስጥ፣ ከወርቁ መደርደሪያ ፊት፣ ወንበራቸው ላይ ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል። ሁለት እህቶቻቸው ግራና ቀኝ አሉ። ቪዲዮውን ያላየ በሰፈሩ አልነበረም። የአበባ ውሃውን ይዘን፣ ተንበርክከን ስንቀርብ ከሥሬ ወለሉ ላይ ውሃ ይንጠባጠባል።

"ይሄ ነው?"

"እሱ ነው፣ እማ።"

"መጽሐፍህን አነበብኩት። ያቺ እናት ታለቅሳለች። እኔ ሳለቅስ አይተኸኝ ታውቃለህ?"

"አላውቅም፣ እማ።"

"አንተስ፣ ሄልሜት ለባሹ። መጽሐፉን አጣጥለኸዋል አሉ።"

መዋሸት እችል ነበር።

"አጣጥዬዋለሁ፣ እሜቴ።"

"ምን ብለህ?"

"እንደዚህ ያለች እናት የለችም ብዬ።"

ከውጭ የልጆች ጩኸት ይሰማል።

"ልክ ብለሃል" አሉ ወይዘሮ ራቻኒ። ከዚያ ጭናቸው ላይ የነበረውን እጃቸውን ገለበጡና መዳፋቸውን ፊታቸው ከተቀመጠው ሳህን በላይ ዘረጉ። "ውሃው እየሞቀ ነው። ምን ትጠብቃላችሁ?"

አብረን አፈሰስን። ውሃው ውስጥ የነበረው የጃስሚን አበባ ቅጠል ቀለበታቸው ላይ ተለጠፈ። እኔ ግማሹን እጅጌያቸው ላይ ደፋሁት፤ እጃቸውን ግን አልሰበሰቡም። ዋዩን በረጅሙ መረቁት፤ ጤና ይስጥህ፣ ዕድሜ ይስጥህ፣ ክፉ አይንካህ። እኔ አንገቴን ደፍቼ ተራዬን ጠበቅኩ።

"ያንተን ምርቃት ለከርሞ" አሉኝ።

"እማ!" አለ ዋዩ።

"ምን እማ ትለኛለህ? በአንድ ገጽ የምትመርቅ እናት ከፈለግክ መጽሐፍህ ውስጥ አለችልህ። እኔ ሰውን አይቼ፣ መዝኜ፣ ከርሜ ነው የምመርቀው። ለከርሞ ሲመጣ አየዋለሁ። ሸሚዙንም አድርቆ ይምጣ።"

ስንወጣ ዋዩ ፊቱ አመድ መስሎ ነበር። ገና ደጃፉን እንዳለፍን ክንዴን ያዘኝ።

"ጋሽ ኬም፣ ይቅርታ አድርግልኝ። አውቃለሁ፣ ተቀይመሃል፤ ሳትመርቅህ..."

"ማን? እኔ?" አልኩት። ድምፄን መቆጣጠር አቅቶኝ መንገዱ ሁሉ ዞሮ አየኝ። "አልሰማህም እንዴ፣ ዋዩ? ለከርሞ ና አሉኝ እኮ! እናትህ፣ በገዛ አፋቸው፣ ለከርሞ ና አሉኝ!"